የቤቴል ሰባት ቤት

ይድረስ ለጋሼ ይሁዳ፤ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ከሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ ብርድ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ልጄ ቤቴል ልታገባ ነው። የፈረንጁ እጮኛዋ ሴት አያት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ እየጠራቻት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ኒሻን ስለሸለመችው ስለ ራሷ ወታደር አያት ታጫውታታለች። የወታደሩን ጫማ ሰፊ አባት ሳይቀር እንደ መኳንንት ነው የሚያወሩት። ቤቴል ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። የእኛን ቁጠሪ ብላት አባታችን ላይ ቆመች። «ማሚ፣ መቼ ነገርሽኝ?» አለችኝ። ቅዳሜ እኮ ሥራ ነኝ።

ኒሻኑን አይቼዋለሁ፤ ሳንቲም ቢያህል ነው። ቤቴል የወታደሩን ፎቶ ስልኳ ላይ አድርጋ ለጓደኛዋ «አያቴ ነው» ስትል ሰማኋት።

እስቲ የእኛን ሰባት ቤት ይላኩልኝ። የዘመተ ካለ ይጥቀሱት፤ ከሌለም እርስዎ ብልሃት አያጡም።

እትዬን ይሳሙልኝ። የቅዳሜ ሺፍቴን ትቻለሁና ይደውሉልኝ፤ ቤቴል ባትኖርም እኔ ቤት ነኝ።

እህትዎ ኤልፍነሽ