ሦስት ዙር ነው የገፋሁሽ

ዘሀራዬ፣ የፎዝያ እናት፣

አላህ ይዘንልሽ። ካንቺ ከተለየሁ ወዲህ ሁለት ረመዳን ጾሜአለሁ። ኮምቦልቻ ያው እንደምታውቂያት ናት። የጓዳው ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ አስጠገንኩት። ፎዝያ አስራ አንደኛ ክፍል ገባች። ባለጎማዋን ወንበርሽን ጎረቤቱ ሁሉ ይዋሳታል፤ አንዱ አባቱን ጤና ጣቢያ ያደርስባታል፣ ሌላዋ እናቷን ሠርግ ትወስድባታለች። ስሰጣቸው አስተጣጠፏን አሳያቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ላይ፣ ከዚያ መቀመጫውን ከመሀል ይዞ መሳብ። ፍሬን ሳይያዝ ማንም እንዳይነሳባትም እቆጣለሁ።

ጂዳ ሳለን የአሠሪሽን የማዳምሽን መስኮት ስትወለውዪ ወድቀሽ ዳሌሽ ከተሰበረ በኋላ፣ ከበራችን እስከ ሱቁ መሄድ እንኳ አቅቶሽ ነበር። ወንበሯን የሰጠችሽ ማዳም ናት፣ የሟች እናቷን። በኒ ማሊክ ሰፈር የተከራየናት ክፍል እንዴት ጠባብ እንደነበረች ታውቂያለሽ፤ ወንበሯ ባትታጠፍ ኖሮ ከሦስታችን አንዳችን ውጭ ማደራችን አይቀርም ነበር።

በዚያ ዓመት ፈቃድ የሌለውን የውጭ ሰው የሚለቅመው አሰሳ ሲጀመር፣ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ካበቃ ቆይቶ ነበር። እጃችንን ሰጥተን አገራችን ልንገባ ወሰንን። አንቺ ግን አንድ ነገር አስቀደምሽ፤ ዳሌሽ ከተሰበረ ወዲህ መካ አልሄድሽም ነበርና ካዕባን ሰባት ዙር ዞረሽ ጠዋፍ ሳታደርጊ እንደማትወጪ ነገርሽኝ። ፎዝያን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን፣ ሌላ ጎረቤት በመኪናው ወሰደን። ኬላው ላይ ፖሊሱ ከኋላ የታጠፈችውን ወንበር አየ፣ አንቺን አየ፣ እለፉ አለን። መካ ዳር ኩዳይ መናኸሪያ ወርደን ወደ መስጊዱ አውቶቡስ ያዝን፤ በአንድ እጄ ወንበሯን ይዤ፣ በሌላው አንቺን ደግፌ።

ሐረም፣ ካዕባ ባለበት መስጊድ ውስጥ፣ ያለ ፈቃድ በገንዘብ ወንበር እየገፉ የሚያድሩ የአገራችን ልጆች ሞልተው ነበር። እኔንም እንደነሱ ቆጥረው ስንት ታስከፍላለህ የሚሉኝ ሲበዙ፣ ዋጋህን ቁረጥ እያልሽ ሳቅሽብኝ። ሦስተኛውን ዙር እንደጨረስን ጠባቂዎች መጡ። ገፊዎቹ እጀታቸውን ለቀው ተበተኑ። እኔም እግሬ አውጪኝ አልኩ። የወራት ልማድ ነው፤ በኒ ማሊክ ሐበሻ ሲሮጥ ካየህ ትሮጣለህ፣ ምክንያቱን በኋላ ትጠይቃለህ። በር ላይ ስደርስ ነው ጥያት የመጣሁት ሚስቴ መሆኗ ትዝ ያለኝ።

ዘሀራ፣ ትዝ ካለኝም በኋላ አልተመለስኩም። ፈራሁ። ውጭ ከሰው መሀል ተሸሽጌ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደረሰ። ከሶላት በኋላ ቋንቋውን የማናውቀው አንድ ሽማግሌ እየገፋሽ አወጣሽ። የቀረውን አራት ዙር የፈጸመልሽ እሱ ነው። አራት ጣቱን አንስቶ በምልክት ነገረኝ። ስታዪኝ አውቶቡሱ ሳያመልጠን ወንበሯን እጠፋት አልሽኝ። ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል ሳይወጣሽ ሞትሽ።

ለኔ ማለቴ ነው እንጂ ለሰውማ ተናግረሻል። ኮምቦልቻ ገብተን ዘመድ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል በመጣ ቁጥር፣ ሰባቱንም ዙር ሰይድ ነው የገፋኝ ትያቸው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በአሽሙር የምትወጊኝ መስሎኝ ዓይንሽን አይ ነበር። አልነበረም። የሚያመሰግነኝ ሲበዛ ግን እኔም ጣፈጠኝና ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የመታሰቢያ ሰደቃሽን ስናወጣ አሮጊቶቹ ፎዝያን መረቋት። እንደ አባትሽ ያለ ባል ይስጥሽ፣ ሰባት ዙር የሚገፋ፣ አሏት። እሷም አሚን አለች። እኔን በሚመስል ሰው እጅ ልጃችን እንድትወድቅ አሚን አልልም። እንግዳው ሳይበተን ተነስቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዷ አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ፎዝያ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው መልኩ እንዴት እንደነበረ ጠየቀችኝ። የማስታውሰውን ያህል ነገርኳት።

ዱዓ ሳደርግ ካንቺ ቀጥዬ እሱን አነሳለሁ፣ ስሙን ባላውቀውም። አንቺንም በሕይወት እስካለሁ ድረስ አልረሳም፤ ስምሽን በጠራሁ ቁጥር ጥዬሽ መሮጤን አብሬ እናገራለሁ። የሸፈንሽልኝን ገልጬብሻለሁና ቅር አይበልሽ።

ባልሽ ሰይድ