ማኅተማቸው ሳይነካ ስለተጣሉ ሠላሳ አንድ የዶክትሬት ማመልከቻዎች

ማርች 13 ቀን 2017

ለዩኒቨርሲቲው የቦርድ ሰብሳቢ
ዞምባ

ጉዳዩ፦ «ተመዝነው ወደቁ» የተባሉ፣ ነገር ግን ማንም ያልመዘናቸው አመልካቾች እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ሌላውን ከመክሰሴ በፊት ራሴን ልክሰስ። እኔ ዋይሰን ናንታምብዌ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተከፈቱ ማመልከቻዎችን ወደ ዕቃ ቤት ተሸክሜአለሁ፤ ለባለቤቶቻቸውም «ሰነድዎን ከሌሎች ጋር አመዛዝነን ብቁ ተወዳዳሪ ሆነው አላገኘንዎትም» የሚለውን ደብዳቤ አጥፌ ልኬአለሁ። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ባለቤቴ ኢሊናላ እንኳ ይህን ከአፌ ሳትሰማ አረፈች።

1. አሠራሩ እንዲህ ነው። ማመልከቻ ሲገባ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ጎንድዌ ስሙን ያያሉ። ከመምህራኑ አንዱ አስቀድሞ «የእኔ ነው» ያለው ከሆነ ጥጉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበትና ወደ አስተባባሪው ወደ ዶክተር ካሉዋ ይገባል። ምልክት የሌለው የበቆሎ ከረጢት ውስጥ ይጣላል።

2. ማስረጃዬ ማኅተሙ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ፖስታውን አሽጎ መዝጊያው ላይ ይፈርማል። ፊርማው ሳይቀደድ ደብዳቤው አይነበብም። የዘንድሮው ከረጢት ውስጥ ሠላሳ አንድ ማመልከቻ አለ፤ የአንዱም ፊርማ አልተቀደደም። ታዲያ በየትኛው ዓይናቸው አነበቡት?

3. ከሠላሳ አንዱ ማመልከቻ አንዱ የልጄ የአሊናፌ ነው። የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ለማጥናት ሁለት ዓመት ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማለች። ከማመልከቷ በፊት ውጤቷን፣ ያሳተመችውን ጽሑፍና የመምህራኗን ምስክርነት ደብተር ላይ ጽፋ፣ ትምህርቱ ከሚጠይቀው ጋር አስተያይታ፣ ለራሷ ሳታዳላ ከመቶ ሰባ ሁለት ሰጠች። «አባባ፣ አንደኛ አልሆንም፤ ከበር ግን አልመለስም» አለችኝ።

ያንኑ የውድቀት ደብዳቤ ለእሷም ያጠፍሁትም የሰጠኋትም እኔ ነኝ። አንብባ ሰባ ሁለቱን ሰርዛ ሠላሳ ጻፈች። እኔ አባቷ የበቆሎ ገንፎዬን፣ ንሲማዬን፣ እየጠቀለልሁ «የመዘኑት ያውቃሉ፣ ልጄ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የጌታ ራት ሦስት ጊዜ ሲቀርብ ለመቀበል ከወንበሬ አልተነሣሁም።

የቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። አመልክቺ ስላት «የገዛ ቤቴ መዝኖ የጣለኝን ባዕድ ምን ብሎ ያነሣኛል?» ትላለች። ማንም ባልመዘናት ሚዛን ራሷን ጣለች! ሌሎቹ ሠላሳዎች ምን እያሉ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

4. ባለፈው ሳምንት ዶክተር ካሉዋን ደፍሬ ጠየቅሁ። «አባባ ናንታምብዌ፣ በቆሎ ለመግዛት ፍሬውን ሁሉ ትቀምሳለህ እንዴ? ከልባሱ ይታወቃል!» አሉኝ። ወይዘሮ ጎንድዌም «ተላላኪያችን ፕሮፌሰር ሆኑልን እኮ! ወንበር እናምጣላቸው?» ብለው ሳቁ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ክቡር ሰብሳቢ። በቆሎ ሳይሸለቀቅ ነቀዙ አይታወቅም። ዶክተሩ ይህን ሊያውቁ ካልቻሉ ምን ተምረው ነው?

በልጄ ማመልከቻ ጥግ ላይ እኔው በእርሳስ ምልክት ላደርግ እችል ነበር። አለማድረጌን ጽድቅ ነው ብዬ ስጸልይበት ከረምሁ። መርምሬ ሳየው ፍርሃት ሆኖ አገኘሁት፤ ጻድቅ ብሆን ኖሮ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጮኽሁ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ ማመልከቻዎቹ ተከፍተው በእውነት እንዲመዘኑ፣ ለእያንዳንዱ አመልካችም «አልመዘንንዎትም ነበር» የሚል ደብዳቤ ከይቅርታ ጋር ከወሩ መጨረሻ በፊት እንዲጻፍ ነው። የሚወድቅ ይውደቅ፤ ተነብቦ ይውደቅ! እኔንም ቦርዱ እንደ ጥፋቴ ይቅጣኝ፤ አልከራከርም።

ሠላሳውን ማመልከቻ እንደታሸገ ዛሬ በብስክሌት አምጥቼ ለመዝገብ ቤትዎ አስረክቤአለሁ። ሠላሳ አንደኛው ከእነርሱ ጋር የለም። ጠዋት ልጄ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ከክፍል አስጠርቼ፣ ፊርማው ያልተቀደደ ፖስታዋን እጇ ላይ አስቀመጥሁና «ማንም አልመዘነሽም፤ እኔም አውቅ ነበር» አልኋት።

መልስዎን ከሚጠብቅ ጥፋተኛ፣ ከሰላምታ ጋር

ዋይሰን ናንታምብዌ
(ፊርማ)