ለካርቱኑ ጀግና ኪስ ያስሣሉት የሳንሱር ኃላፊ ሞት

የካርቱን ሠዓሊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሣለውን የሚበር ጀግና «የእኔ ነው» ብለው፣ የሠዓሊውን ስም ከፊልሙ መግቢያ ላይ አስፍቀው የራሳቸውን ያስጻፉት የቴሌቪዥን ጣቢያው የቀድሞ የሳንሱር ክፍል ኃላፊ ትናንት ሞተዋል። ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ያዘነው የወሰዱትን ሳይመልሱ በመሞታቸው ነው።

«ሞተዋል» ያልነው አውቀን ነው። ሟች ባወጡት ደንብ በተከታታይ ፊልሙ ውስጥ ማንም አይሞትም፤ «ርቆ ሄደ» ይባላል። እርሳቸው ርቀው አልሄዱም።

ፊልሙ በተጀመረበት ዓመት ጀግናው ሌባ እንዳይመታ ከለከሉ። ሠዓሊው በስብሰባ ላይ «ታዲያ በምን ይያዘው?» ቢላቸው፣ «እጁን ኪሱ ከትቶ ይምከረው» አሉ። «አለቃ፣ ልብሱ እኮ ኪስ የለውም።» «ታዲያ ሣልለታ።» ተመልካች እስከ ዛሬ የሚያደንቃቸው ሁለት ትልልቅ ኪሶች የመጡት ከዚያ ነው። ለኪሶቹ ሽልማት ሲሰጥ መድረክ ላይ የወጡት ሟች ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት መስኮት መስበርን ከለከሉ። ጀግናው ከሰማይ ወርዶ በር ያንኳኳ ጀመር። እስኪከፈትለት ሲጠብቅ ሌባው በጓሮ ይወጣል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጀግናውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሰው ስታድን የምትሞትበት ክፍል ደረሰ። ሟች እህቲቱ ሻንጣ ይዛ አውቶቡስ እንድትሳፈር አዘዙ። ሠዓሊው ይህን አልስልም አለ። በእርሳቸው ደንብ እርማት እንቢ ያለ እንዳልሠራ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የፊልሙ መግቢያ ከተቀረጸበት ፕላስቲክ ላይ ስሙ በምላጭ ተፋቀ። በቦታው «ፈጣሪ» ተብሎ የሟች ስም ገባ። ጭረቱ ከፊደሎቹ ሥር ዛሬም ይታያል።

ታላቅ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ጽሕፈት ቤታችን መጥታ፣ «ጋሼ፣ አባባ የጀግናው ፈጣሪ ነበር ብላችሁ ጻፉልን፤ ቀብሩ ላይ ይነበባል» ብላናለች። ወንበር ሰጥተናታል፣ አብረናት አዝነናል። የጠየቀችውን ግን አንጽፍም። ልጅ በአባቷ ጥፋት አትጠየቅም፤ ስለ አባቷም ከእኛ ውሸት አትቀበልም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገን» ማለት ልማድ ነው። እኛ በቁማቸውም ወቅሰናቸዋል። «ሥራ ላይ ነኝ» ይሉን ነበር።

ጣቢያው ፊልሙን ለሟች መታሰቢያ እንደገና ለማሳየት ጥቅልሎቹን ጠይቆናል። ፊልሙ የተሠራበት ስቱዲዮ ሲዘጋ የተረከብናቸው እኛ ነን። ያ ስም በመግቢያው ላይ እያለ አንድም ጥቅልል ከመጋዘናችን አይወጣም። ልጆች ፊልሙን ሳያዩ ቢያድጉም አይወጣም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ቀብር እንሄዳለን፣ አፈር እናለብሳለን፣ ንግግር አናደርግም።

ይህን የጻፍኩት ስሜ የተፋቀው ሠዓሊ እኔው ነኝ። ማኅበሩም ተስማምቶበታል። ስለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ አልናገርም፤ የሚጠይቀኝ ቢኖርም አልመልስለትም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር