ረገፈ እንጂ አልተላጨሁም

እህት ዓለም፣ አስካለ፣

አንቺን ቀብረን ከተመለስን አራተኛው ወር ገባ። ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። ነፋስ እንዳያንኳኳው ብለሽ በሩ ሥር ትወትፊው የነበረው ጨርቅ ጠፍቷል፤ የአዳማ አቧራ እንደልቡ ይገባል። ባቡር ባፏጨ ቁጥር «መጡ» እያልሽ ለማይመጡ እንግዶች በርጩማ ትደረድሪ ነበር፤ እኔም እቆጣሽ ነበር። አሁን ሲያፏጭ ዓይኔ ወደ በርጩማዎቹ ይሄዳል። ማንም አይመጣም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ፀጉሬ ነው። ሳቂ።

አንቺን የወሰደው ጉንፋን እኔንም ጥሎኝ ነበር፤ ጎን ለጎን ነበር የተኛነው። እኔ ተነሣሁ። ድኛለሁ ብዬ ወደ ባቡር ጣቢያው የአስተርጓሚነት ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ራሴን ስታጠብ ፀጉሬ እፍኝ ሙሉ ወጣ። ከዚያ በትራሱ፣ በኮቴ ኮሌታ፣ በምተረጉመው ወረቀት ላይ ሁሉ ፀጉር ሆነ። ድሮም አሳጥሬ ስለምቆረጥ፣ ከሩቅ ላየኝ የተላጨሁ እመስላለሁ።

አምና ጉንፋኑ ይዞሽ ከተነሣሽ በኋላ ያንቺም ልክ እንዲሁ ነበር የረገፈው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘርፌ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ኧረ ጌታው፣ እጇን እሰሩላት እንጂ! ሌሊት እየነቀለችው እኮ ነው!» ሲሉኝ አንቺ ሰምተሽ ወጣሽ። የረገፈውን በመዳፍሽ ይዘሽ፣ «እኔ አልነቀልኩትም፤ እሱ ነው ትቶኝ የሄደው። ካማርዎት ወስደው ትራስ ይሙሉበት» አልሻቸው። በዚያ ቀን በመንደሩ ውስጥ በትክክል የተናገርሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሐኪሙም ያንኑ አለ፦ ብርቱ ትኩሳት ካለፈ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር ይረግፋል፤ መልሶም ይበቅላል። ይህንኑ ለመንደሩ ነገርኩ። አንዱ ጠበል አለኝ፤ አንዱ አዋሽ ዳር ያለውን ፍል ውሃ አለኝ። መልሶ ሲበቅልም «ለቀቃት» አሉ። አእምሮሽ ታሟልና ፀጉርሽ እንኳ እንደ ሰው ሁሉ ፀጉር በትኩሳት መርገፍ ተከለከለ።

ወደ እኔ ልመለስ። ባርኔጣዬን እንደማላወልቅ ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግን ይወልቃል። ወይዘሮ ዘርፌ ራሴን አዩና ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው አለቀሱ። «እዩት! ለእህቱ ተላጨላት!» አሉ። ሐዘንተኛ ራሱን ይላጭ የለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ዓይን ከበድኩ። ገበያ ውስጥ መንገድ ይለቁልኛል። ከመቂ እህል በበቅሎ ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ እንኳ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አይዞህ፣ ኦቦሌሳ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ለዚያች ለእብዷ እንኳ እንዲህ ካዘነ!» ይባባላሉ፤ እንደማልሰማ። ያው ትኩሳት፣ ያው ፀጉር። አንቺ ነቀልሽ፤ እኔ ተላጨሁ።

ዝም ብዬ ክብሩን ወሰድኩ። ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የመጣሁ፣ ለአንድ የተሳሳተ ቃል ጸሐፊን ገጹን ሙሉ እንደገና የማስጽፍ ሰው፣ ስለጠቀመኝ ብቻ የተሳሳተ ቃል አሳለፍኩ። ደግሞ እወቂው፣ አልተላጨሁልሽም። አንቺ ስትሞቺ ምላጭ ይዘው መጥተውልኝ ነበር፤ የኋላ ቀር ልማድ ነው ብዬ መለስኳቸው። አሁን ያንኑ ልማድ እንደ ካባ ደርቤ እሄዳለሁ። በመንገድ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ሲነሡኝ ፊቴ ይቃጠላል።

ትናንት ወይዘሮ ዘርፌ ቤት ዝክር ተጠርቼ ሄድኩ። ሥጋው ቀረበ፤ ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እሳቸው ከሰው ሁሉ ፊት፣ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው፤ ራሱን ላጨላት!» ብለው አወደሱኝ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«አልተላጨሁም። ረገፈ» አልኩ። «ትኩሳቱ ነው ያረገፈው። የአስካለንም እሱ ነው። እሷ አልነቀለችም፤ ረገፈባት።»

ቄሱ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። አንዱ፣ «ኧረ ተቀመጥ፣ ጋሼ፤ ጠጅ ቅዱለት» አለ። ወይዘሮ ዘርፌ ግን ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው፣ «ይኸው፣ ጀመረው። በዘራቸው ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቢላዋውን ከፊቴ ቀስ ብሎ አነሣና ወደ ማዶ አሻገረው። ድግስ በተጠራን ቁጥር ካንቺም ፊት እንዲሁ ያነሡት ነበር። አንቺ ግን ሥጋሽን በጣትሽ እየቦጨቅሽ ትበዪ ነበር፤ እኔም «ሰው ያይሻል» እያልኩ በክርኔ እነካሽ ነበር። ትናንት እኔም በጣቴ ቦጨቅኩ። ሁሉም አዩኝ።

ዛሬ ጠዋት አናቴን ብዳብስ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ነገር ጀምሯል። ሲያድግ «ለቀቀው» ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ግን ባበጠርኩት ቁጥር ያንቺን አስባለሁ። «ነቀለች» የሚል ሰው ባገኘሁበት ሁሉ፣ ገበያም ይሁን ጣቢያ፣ «ረገፈባት» ብዬ አርመዋለሁ። ቢላዋ ያንሡብኝ።

ወንድምሽ