እናቴን ምን ብለሻት ነው?

ኢስክራ፣

እናቴ የጋገረችው የአይብ ባኒጻ ምድጃው ውስጥ አለልሽ፤ ብዪ።

ትናንት እኔ ሥራ ስውል እናትና አባቴን የሮማውያኑን የቲያትር ፍርስራሽ ስላሳየሽልኝ አመሰግናለሁ። ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ምን አወራችሁ? ከተመለሱ ወዲህ እናቴ አንዴም አልተቆጣችኝም። የኔ እናት!

አባቴ ደግሞ አሁን ጫማውን እያሰረ፣ «ፍርስራሹስ ይበቃናል ልጄ፤ ዛሬ የምትማሪበትን አሳዪን» አለኝ።

ትምህርቱን ካቆምኩ ዓመት እንዳለፈኝ በፕሎቭዲቭ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ካልነገርሻቸው፣ ስለጠረጠርኩሽ ይቅር በዪኝ። ወደ ነቤት ቴፔ ኮረብታ ይዣቸው ልወጣ ነው፤ እዚያ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ነግረሻቸውም ከሆነ፣ ስንመለስ እባክሽ ቤት ጠብቂኝ። ብቻዬን አልችላቸውም።

ዝላቲና