ሦስት ጊዜ የሚለኩት ጋሽ ሜትሮ

አባታችን፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ሜትሮ የሚላቸው፣ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ኅዳር 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ናቸው። ሜትሮ በእጃቸው የያዙት ገና ልጅ ሳሉ ነው፤ እናታቸው ደንበኛ ሲለኩ ጫፉን የሚይዙላቸው እሳቸው ነበሩ።

በ1952 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ግን ራሳቸውም መልሰው ለማንበብ ይቸገሩ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ከአንድ አዛውንት ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠሩ። ጎማ መለጠፍ፣ ካቴና መቀጠል፣ የተጣመመ ቸርኬ ማቅናት የተማሩት እዚያ ነው። እጃቸው ሲፍታታ፣ በ1968 ዓ.ም. ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት የራሳቸውን የብስክሌት መሸጫ ከፈቱ። ሱቋ ጠባብ ነበረች፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይጠብቃል።

ባለቤታቸውን ያገኟቸውም በዚችው ሱቅ ነው። ያኔ የስልክ ቤት ሠራተኛ የነበሩት እናታችን መስኮቱ ላይ ያዩትን ቀይ የእሽቅድምድም ብስክሌት ሊገዙ ገቡ። አባታችን መንገዳቸው ኮረኮንች መሆኑን ሲሰሙ፣ “በዚህ ቀጭን ጎማ ከሚሄዱ በእግርዎ ቢሄዱ ይቀድማሉ፤ ይቅርብዎት” ብለው ጎማው ወፍራም፣ መሪው ከፍ ያለ ጥቁር ብስክሌት አወጡላቸው። እናታችን ተቀይመው ወጡ። በሳምንቱ ተመልሰው ጥቁሩን ገዙ። በ1970 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1983 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ የመጀመሪያ ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ብስክሌት ሰጧት። ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ ሁለቱም እግሮቿ መሬት እንዲነኩ ለክተው አስተካከሉላት። በማግስቱ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዛ ልትቆም ስትሞክር እግሯ መሬት አጣ። ወደቀች፤ የግራ ታፋዋም ተሰበረ። እግሯ ሲድን ከቀኙ አጥሮ ቀረ። አባታችን ብስክሌቱን ሲመረምሩ ኮርቻው አራት ጣት ከፍ ብሎ አገኙት። ያን ሳምንት ሰባት ብስክሌት በጥድፊያ ያደርሱ ነበርና ጥፋቱን በራሳቸው እጅ ላይ ጣሉት። ለእናታችን፣ “የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን አይለቀምም” ሲሉ፣ ልጅቱ ከመጋረጃው ማዶ ተኝታ ትሰማ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ኮርቻውን ከፍ ያደረገችው ልጅቱ ራሷ ናት። ኮርቻቸውን ከፍ የሚያደርጉትን የብስክሌት ተወዳዳሪዎች መምሰል አምሯት፣ አባቷ ቁርስ ላይ ሳሉ ከሣጥናቸው መፍቻ አውጥታ ብሎኑን ፈታች፤ ከፍ አድርጋም መልሳ አሰረችው። መጀመሪያ ቁጣ ፈርታ ዝም አለች። ኋላ ደግሞ ዝም ማለቷ ራሱ አሳፈራት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ አደገች።

ከዚያ ቀን በኋላ አባታችን ብስክሌት ላይ አልወጡም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቃቸው በእግራቸው ተመላለሱ፤ ሰው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ይመስለው ነበር። ሦስት ጊዜ ሳይለኩም አንድም ብስክሌት አልሸጡም፤ ጋሽ ሜትሮ የተባሉትም ከዚሁ የተነሣ ነው። የገዢውን ቁመት፣ የእጁን ርዝመት፣ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚጭነውን ዕቃ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያስደርጉና እግሩ መዘርጋቱን ያያሉ። ሄልሜቱ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ብቻ መራቁን ለክተው፣ ራሱን ነቅነቅ አድርገው ካልተንሸራተተ ነው የሚለቁት። ከፊት ሰፊ ቅርጫት ያለው የጭነት ብስክሌት የመረጡለት ዳቦ አከፋፋይ፣ “ሚስቴን ስጠይቅ እንኳ ይህን ያህል አልተመረመርኩም” ሲላቸው አብረውት ከት ብለው ይስቁ ነበር። ልጃቸው እያነከሰች ስትገባ ግን ሳቃቸው ይቋረጣል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና ሱቁን ለወንድ ልጃቸው አስረክበው ሆስፒታል ገቡ። ጥር 17 ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸው እውነቱን ልትነግራቸው ቆርጣ ሄደች። ያን ቀን ግን ቀለል ብሏቸው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ለልጇ ብስክሌት ልትገዛ ያሰበችውን ነርስ ሲመክሩ አገኘቻቸው። “ሲያድግ ይሞላዋል ብለሽ ትልቅ እንዳትገዢለት፤ ልጁ የሚነዳው ዛሬ ነው” ይሏት ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊታቸው ፈክቶ ስላየች ጨዋታቸውን ማቋረጥ አልሆነላትም። ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ ግንባራቸውን ስማ ወጣች።

በማግስቱ፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና በልካቸው መርጠው ብስክሌት የሰጧቸውን የዚህን ሰፈር ሰዎች ትተው ሄደዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ ቤተሰቡ የመረጠው የመጀመሪያ ልጃቸውን ነው። እናቷም፣ እህትና ወንድሟም እውነቱን የሚሰሙት ዛሬ፣ ከእናንተ ጋር ነው። ይቅርታ ልትጠይቀው የሚገባት ሰው ቀድሟት ሄዷል። ስለዚህ ቢያንስ አስከሬናቸው ፊት፣ የሚያውቋቸው ሁሉ እየሰሙ ይነበብላት፦ አባታችን ያን ቀንም በትክክል ለክተው ነበር።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያለ ጥፋታቸው ከተሸከሙት ሸክም ያሳርፍልን።