ከዶው ሸንግማው ስም በፊት የሚጻፈው ቃል

ከሬሳ ሳጥኑ ፊት በሚሰቀለው ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ከሟቹ ስም በፊት «መምህር» ተብሎ ይጻፍ ወይስ ይቅር? ባለቤታቸው ወይዘሮ ዌይ ጉዪልየን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ።

ዶው ሸንግማው ከአባታቸው ከዶው ባይሹን እና ከእናታቸው ከማ ሹዩን እ.ኤ.አ. በ1950 በጋንሱ ክፍለ ሀገር ተራሮች፣ በሊዩጎው መንደር ተወለዱ። ዘጠነኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ፣ በ1969፣ መንደሩ ልጆቹን እንዲያስተምሩለት መረጣቸው። በ1972 ጉዪልየንን አግብተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሦስት ክፍሎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያስተምሩ የተሳሳተን ልጅ አይቆጡም ነበር፤ ሰሌዳው ፊት አቁመው ስሕተቱን ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ያደርጉታል። ልጁ መሐል ላይ ራሱን ይዞ ከሳቀ ገብቶታል ማለት ነው።

የመምህርነት ምስክር ወረቀት ግዴታ ሲሆን ሦስት ጊዜ ተፈተኑ። ጽሑፉን አለፉ፤ በአገሪቱ መደበኛ ቋንቋ አነጋገር ፈተና ግን የተራራው ምላስ አልለቅ እያላቸው ወደቁ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ፓን፣ «ሸንግማው፣ ምላስህን ከተማ ልከህ አስሞርደው እንጂ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በ2006 ከማስተማር ሥራቸው ተሰናበቱ።

በ2018 ያንኑ ክፍል የተረከበችው ባለ ምስክር ወረቀቷ የልጅ ልጃቸው ዶው ቺያውዩ ናት። ወር ሳይሞላት እያለቀሰች መጣች።

«አባባ፣ ወረቀቱ አለኝ፤ ልጆቹ ግን ማካፈል አልገባቸውም።»

«ወረቀቱን አንቺ ያዢ፤ ልጆቹን ለሁለት እንይዛቸዋለን» አሏት።

ቺያውዩ ግን ፈቃድ የሌለውን ሰው ክፍል ላታስገባ ፈርማለች። ስለዚህ እሳቸው በሒሳብ ሰዓት በጓሮ በር ይገቡ ነበር። ጉዪልየን በዚያ ሰዓት ደጃፍ ቆመው፣ ተቆጣጣሪ ድንገት እንዳይደርስ መንገዱን ይጠብቁ ነበር። በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ክፍሉ ከወረዳው አንደኛ ወጣ፤ የተመሰገነችው ቺያውዩ ብቻ ነበረች።

ሸንግማው በሳንባ ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ማርች 3 ቀን 2019 በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ዶው ጂንሹዋን እና ቺያውዩ ቀርተዋል። ነፍሳቸው ከአባቶቻቸው ጎን ትረፍ፤ የሄዱበት መንገድ ዳገት አይሁንባቸው።

ጉዪልየን ለቀብሩ የጻፉትን ይህን የሕይወት ታሪክ ዛሬ ጠዋት ለቺያውዩ አነበቡላት።

«ልጄ፣ የጓሮ በሩን ነገር ልሰርዘው? የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነገ ቀብር ላይ ተቀምጦ ይሰማል። የቋሚነት ደብዳቤሽም ገና አልተፈረመም። እሳቸው እንደሆኑ ከእንግዲህ ማንም አያባርራቸውም፤ እኔ የምፈራው ላንቺ ነው።»

ቺያውዩ ብሩሹን ቀለም ነክራ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ከአያቷ ስም በፊት «መምህር» ብላ ጻፈች። ምስክር ወረቀቷን ከመሳቢያ አውጥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና፣ «አይሰረዝ፤ ኃላፊው ነገሩን ዛሬውኑ ከኔ ይስማ» ብላ የጽሕፈት ቤቱን መንገድ ይዛ ወጣች።